ኑዛዜና አደራ፦ ከአገር ቤት እስከ ፌርፋክስ



የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ስናከብር በዚህ መጽሔት ስለ ምን እንጻፍ ብለን ተወያይተን ነበር። ስለ ፌርፋክስ ምግብ ቤቶች፣ ስለ እንቁጣጣሽ በዓላችን፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት በየጊዜው ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። አንድ ጉዳይ ግን በየስብሰባው ሲነሣ በየስብሰባው «ሟርት ነው፣ ተዉት» እየተባለ ሲታለፍ ኖሯል። እሱም ካለፍን በኋላ ቤታችን፣ ገንዘባችንና ልጆቻችን ምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ ነው። በዓሉ የደስታ ቢሆንም ዛሬ እንዳናልፈው ወስነናል። ምክንያቱም የማኅበራችን ታሪክ በእውነት ከተጻፈ ከዚሁ ጥያቄ ይጀምራል።

ማኅበራችን የተወለደው ከለቅሶ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ግድም ከመካከላችን አንድ ወንድማችን በድንገት ዐረፈ። ስሙን እዚህ አንጠራም፤ የሚያውቁት ያስታውሱታል። ቀን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ፣ ማታ ታክሲ ሲነዳ ብዙ ዓመት የኖረ፣ በሰው ሠርግና በሰው ለቅሶ ቀዳሚ የነበረ ሰው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምግብ ቤቶቹ ጠረጴዛ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጃፍ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ወረቀቱ ሁሉ አለቀ፤ አስከሬኑም ለአገሩ አፈር በቃ። ከለቅሶው የቀረን ሰዎች «ሰው በሞተ ቁጥር በስልክ እየተጠራራን ከምንለምን እድር ይኑረን» ተባባልንና መዋጮ ወሰንን። ማኅበሩም በዚሁ ቆመ።

ያላሰብነው ነገር የመጣው ከአርባው በኋላ ነው። ወንድማችን ዕዳው ያላለቀ ቤት ነበረው። ሚስቱን በቤተ ክርስቲያን ቢያገባም ከካውንቲው የጋብቻ ፈቃድ አላወጡም ነበር። አገር ቤት ከቀድሞ ትዳሩ የወለዳት ልጅ ነበረችው። በአዲስ አበባ ደግሞ በእሱ ገንዘብ የተሠራ ቤት ወንድሙ በውክልና ይጠብቅ ነበር። አንዲት ቁራጭ ኑዛዜ ግን አልተገኘችም። ሚስት «ቤቱን አብረን ደክመንበታል» አለች። ልጅ «አባቴ ነው» አለች። ወንድም ዝም አለ። ሁሉም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። ነገሩ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ለሽምግልና የተቀመጥነውም ካስታረቅነው ያስቀየምነው በለጠ። ቤቱ ተሽጦ ዕዳና ወጪ ተከፍሎበት ቀሪው ሲከፋፈል፣ በአንድ ድንኳን ያለቀሱት ሰዎች በአንድ ማዕድ የማይቀመጡ ሆነው ነበር።

ያን ጊዜ የመተዳደሪያ ደንባችንን ብንገልጥ ስለ ቀብር ብዙ አንቀጽ፣ ስለ ኑዛዜ አንድም አላገኘንም። አስከሬን እንዴት እንደሚሸኝ እናውቅ ነበር፤ ሟች የተወው አደራ እንዴት እንደሚጠበቅ ግን አናውቅም ነበር። ይህን ለመረዳት ከየት እንደመጣን ማየት ያስፈልጋል።

ኑዛዜ በአባቶቻችን ዘመን

ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። «ተናዘዘ» ስንል ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ነገረ ማለታችን ነው። «ተናዘዘ» ስንል ደግሞ ንብረቱን ለወራሾቹ ደለደለ ማለታችንም ነው። በቀድሞው ዘመን ሁለቱ ነገሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ አልጋ ራስጌ ይፈጸሙ ነበር። የነፍስ አባት ይጠራል፤ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ሕመምተኛው ያለበትን ዕዳና ሰው ዘንድ ያለውን ገንዘብ ይናገራል፤ ከብቱን ይደለድላል፤ ለነፍሱ የሚሰጠውን ይለያል፤ ልጆቹን ለሚያምነው ሰው አደራ ይላል። ጽሑፍ ባይኖር እማኝ አለ፤ እማኝ ቢክድ እርግማን አለ።

ዋናው ሀብት መሬት ነበርና በአማራው አገር ርስት ኑዛዜ አይጠብቅም ነበር። ከአቅኚው አባት በእናትም በአባትም መወለዱን የቆጠረ ሁሉ፣ ሴትም ብትሆን፣ ድርሻዬን ይላል። በዚህም የተነሣ የርስት ክርክር ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ሙስሊሞች ወገኖቻችን ደግሞ በቁርአን የተወሰነ የውርስ ድርሻ አላቸው፤ በኑዛዜ የሚሰጠውም ከንብረቱ ሲሶ እንዳያልፍ ሸሪዓው ያዝዛል። ንብረትን ለበጎ ሥራ አስሮ ማቆየትም ወቅፍ ይባላል።

የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበር። በ13ኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ በቅብጡ ሊቅ በኢብን አል አሳል የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እንደተመለሰ በትውፊት ይነገራል። ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እንግዲህ ኑዛዜ ከፈረንጅ የመጣ ነገር ነው የሚሉን ሰዎች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

በታሪካችን ከሁሉ የታወቀው አደራ የአፄ ምኒልክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ሲጸናባቸው በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወቁ። ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ስለነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆኑ። ይህን ቃል የሚያፈርስ እንዲረገም በአዋጅ ተነገረ። ይሁን እንጂ ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በቦታቸውም ሌላ እንደራሴ አልተተካም። ወጣቱ አልጋ ወራሽ ያለ ሞግዚት ቀሩ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። የታሪክ ሊቃውንት ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ። እኛ በበኩላችን አንዲት ትንሽ ነገር እናስተውላለን። አደራ ጠባቂ ሲሾም «እሱ ባይኖርስ ማን ይተካ?» የሚለው ካልተጻፈ፣ የንጉሥም አደራ ቢሆን ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ዛሬ የሎስ አንጀለስ ጠበቃ ዘንድ ስንቀርብ «ባለአደራህ ቢሞት ተተኪው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው።

የ1952ቱ ሕግና «ተወረሰ» የሚለው ቃል

በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ይቀበላል። አንደኛው በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ግልጽ ኑዛዜ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የሰነድ ሹም ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛው በሞት አፋፍ ለ2 ምስክሮች የሚነገር የቃል ኑዛዜ ሲሆን፣ በእሱ ሊባል የሚቻለው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ተናዛዡም ከሞት ቢተርፍ በ3 ወር ይወድቃል። እንግዲህ አያቶቻችን ሙሉ ርስትና ንብረት የደለደሉበት የአልጋ ራስጌ ኑዛዜ ከዚያን ዘመን ጀምሮ በሕግ ፊት አቅሙ አነሰ። ብዙዎቻችን ግን ይህን ሳናውቅ እስከ ዛሬ «ለሽማግሌ ነግሬያለሁ» እንላለን።

በዚሁ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ሁሉ፣ በጋብቻም ሆነ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ፣ እኩል ይወርሳሉ። ባል ወይም ሚስት ከጋራው ሀብት የራሳቸውን ግማሽ ይወስዳሉ እንጂ ከወራሾች ተራ አልተቆጠሩም። ልጁን ሊነቅል የፈለገም በግልጽ መጻፍና ምክንያቱን መናገር አለበት። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ካሊፎርኒያ ስንሻገር ነገሩ ይገለበጣል።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። በአማርኛችን «ቤቱን ወረሰ» ማለት ከአባቱ አገኘ ማለት ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን «ቤቱ ተወረሰ» ሲባል መንግሥት ወሰደው ማለት ሆነ። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት፣ የማይጠቅም የይዞታ ወረቀት በሻንጣቸው ይዘው ከአገር የወጡት፣ ንብረት በወረቀት ይስፈር ሲባል ለምን እንደሚሸሹ ከዚህ ይገባናል። ባለፉት ዓመታት እኛ ወጣቶቹ «ኋላ ቀርነት ነው» ብለን ያለፍነው ይህ ፍርሃት ምክንያት ያለው ፍርሃት ነው። አባቶቻችንን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ወደ ሎስ አንጀለስ

በዚህ ከተማ የኢትዮጵያ ስም ቀደም ብሎ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ፕሮፌሰር ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ዩሲኤልኤ መጥተው የአገራችንን ቋንቋዎች አስተማሩ። ከአገር ቤትም ተማሪዎች መጡ፤ የመጡትም ተምረው ሊመለሱ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መመለሻው ጠፋ። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ ከሱዳንና ከሌሎች አገሮች ወገኖቻችን መግባት ጀመሩ። በ1990ዎቹ በኦሊምፒክና በፒኮ ቡልቫርዶች መካከል ባለው የፌርፋክስ ጎዳና ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተበራከቱ። እ.ኤ.አ. በ2002 የከተማው ምክር ቤት አካባቢውን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው።

በእነዚያ ዓመታት ማንም ስለ ኑዛዜ አላሰበም። የሚናዘዘው ምን አለውና! አፓርትማ በአምስት ተከራይቶ ወደ ቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሰው ያለው ሻንጣና ተስፋ ነው። «አገሬ እገባለሁ» የሚል ሰው ደግሞ በሰው አገር ኑዛዜ አይጽፍም። ዓመታት ግን ሄዱ። ታክሲው የራስ ሆነ፤ ሱቁ የራስ ሆነ፤ በኢንግልዉድ፣ በሆውቶርን፣ በሸለቆው ቤት ተገዛ፤ ልጆች ኮሌጅ ገቡ። በ25 ዓመቱ የመጣው ወጣት ጡረታ ወጣ። ሀብቱ መጣ፤ ልማዱ ግን በሻንጣው ዘመን ቀረ።

ባለቤት ያላገኘ ሰው በዚህ ከተማ መጨረሻው ምን እንደሆነም አይተናል። አስከሬኑን የሚጠይቅ ዘመድ ያልተገኘለትን ሰው ካውንቲው ያቃጥለዋል፤ አመዱ 3 ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ በቦይል ሃይትስ በሚገኘው መካነ መቃብር ከብዙዎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ይቀበራል። በየዓመቱም የየእምነቱ አባቶች ተገኝተው ይጸልዩላቸዋል። ካውንቲው በዚህ ሥራው ሊመሰገን ይገባል። ለእኛ ለአበሾች ግን ይህን መስማት ብቻ እድር ለማቆም በቂ ነበር። ነገር ግን እድሩም ቢሆን ለቀብር የተመረጠው ሰው ማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ካላገኘ እጁ አጭር ነው።

የካሊፎርኒያ ሕግ ምን ይላል?

እንደሚታወቀው ይህ ጽሑፍ ታሪክ እንጂ የሕግ ምክር አይደለም። ሆኖም አባላት ሁሉ ሊያውቁት የሚገባውን በአጭሩ እናስቀምጣለን።

በካሊፎርኒያ ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው በጋብቻ ዘመን ያፈራው የጋራ ሀብት በሙሉ ለሕጋዊ የትዳር ጓደኛው ይሄዳል። የግል ሀብቱ ግን ይከፈላል፤ አንድ ልጅ ካለ ግማሹ፣ ከአንድ በላይ ካሉ ሲሶው ብቻ ለትዳር ጓደኛው ይሆናል። እንግዲህ አገር ቤት የቀረች ልጅ በኢትዮጵያ ሕግ እኩል ወራሽ ሆና ሳለ፣ እዚህ ካለው የጋራ ቤት ምንም ላታገኝ ትችላለች። በአንጻሩ በአገር ቤት ሕግ ከወራሾች ያልተቆጠረችው ሚስት እዚህ ሁሉን ትጠቀልላለች። ያውም ጋብቻው በሕግ የታወቀ ከሆነ ነው። በካሊፎርኒያ አብሮ መኖር ብቻውን ጋብቻ መሆኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ እዚህ ለሚፈጸም ጋብቻም ቄስ ወይም ሼኽ ከመባረካቸው በፊት የካውንቲው ፈቃድ ያስፈልጋል። የወንድማችን ቤተሰብ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነበር።

ኑዛዜ ማድረግ አስቸጋሪ አይደለም። በ2 ምስክሮች ፊት የተፈረመ ኑዛዜ ይጸናል፤ ሰው በእጁ ጽፎ የፈረመውም ያለ ምስክር ይጸናል። ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት የሚመረጠውም በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ኑዛዜ ብቻውን ቤትን ከፍርድ ቤት አያድንም። ንብረቱ በመሀል ከተማ ሂል ጎዳና ላይ በሚገኘው በስታንሊ ሞስክ ፍርድ ቤት «ፕሮቤት» በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ለጠበቃው የሚከፈለው በሕግ የተወሰነ ነው፤ ከመጀመሪያው 100,000 ዶላር 4 በመቶ፣ ከሁለተኛው 100,000 ዶላር 3 በመቶ፣ ከሚቀጥለው 800,000 ዶላር 2 በመቶ ነው። ለንብረት አስፈጻሚውም በዚያው ልክ ይፈቀድለታል። ስሌቱ ዕዳው ሳይቀነስ በጠቅላላው ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ 900,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት፣ የባንክ ዕዳው 500,000 ዶላር ቢሆንም፣ ለጠበቃ 21,000፣ ለአስፈጻሚ 21,000፣ በድምሩ 42,000 ዶላር ሊጠየቅበት ይችላል። ወንድማችን ይህን ለማግኘት ስንት ሌሊት ታክሲ መንዳት ነበረበት?

ሕጉ በቅርብ ጊዜ አንዳንድ ማቃለያ አምጥቷል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ወዲህ ለሞተ ሰው ዋና መኖሪያ ቤቱ ከ750,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ በአጠረ አቤቱታ ማስተላለፍ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት ቤቱን በቀጥታ ለተጻፈለት ሰው የሚያስተላልፍ ሰነድ ተፈቅዷል። የካሊፎርኒያ የውርስ ታክስም እ.ኤ.አ. በ1982 በሕዝብ ድምፅ ቀርቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 19 ልጆችን ይነካል። ቤት የወረሰ ልጅ የወላጆቹን ዝቅተኛ የቤት ግብር እንዲይዝ ራሱ መኖሪያው ሊያደርገው ይገባል፤ ቢያከራየው ግብሩ ይጨምራል።

አደራ የሚለውን ፈረንጆችም ያውቁታል

«ሊቪንግ ትረስት» የሚባለውን ብዙዎቻችን የሀብታም ጨዋታ አድርገን እናየዋለን። ታሪኩን ስናይ ግን የኛው አደራ ነው። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር መሬቱን «ለሚስቴና ለልጆቼ ጠብቅልኝ» ብሎ በወዳጁ ስም የሚያዛውር ሰው ነበር። ወዳጁ ቢክድ መደበኛው ፍርድ ቤት «መሬቱ በስሙ ነው» ብሎ ያሰናብት ነበርና፣ የተበደሉት ወደ ንጉሡ አፈ ጉባኤ ወደ ቻንስለሩ አቤት አሉ። ቻንስለሩም ስሙን ሳይሆን ኅሊናን አይቶ «በስምህ ነው፣ ግን ያንተ አይደለም» ብሎ ፈረደ። «አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር» የሚል ሕዝብ ይህን ለመረዳት መምህር አያሻውም። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ስለ አደራ ንብረት ደንግጓል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሰው በሕይወቱ ሳለ ቤቱን በአደራ ውል ስም ያዛውራል፤ እስኪሞት ድረስ ባለአደራው ራሱ ነው፤ መሸጥም መለወጥም ውሉን ማፍረስም ይችላል። ሲሞት ወይም አእምሮው ሲደክም በውሉ የተጠራው ተተኪ ይረከብና ፍርድ ቤት ሳይሄድ ለተባለላቸው ሰዎች ያደርሳል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት መናዘዝ አለብን። ማኅበራችን በቆመ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠበቃ ያልሆነ አንድ የወረቀት አዘጋጅ በስብሰባችን ላይ እንዲናገር ጋብዘን ነበር። ያማረ ማኅደር ሸጠ፤ በርካታ አባላትም ገዙ። ከመድረክ ያስተዋወቅነው እኛ ነን። ከጊዜ በኋላ አንዲት እናት ባለቤታቸው ሲያርፉ ማኅደሩን ይዘው ወደ ጠበቃ ቢሄዱ፣ ቤቱ ወደ አደራው ስም ጨርሶ አለመዛወሩ ታወቀ። የቤቱ ሰነድ በካውንቲው መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት እንደ ቀድሞው በሟቹ ስም ነበር። ማኅደሩ ቁልፍ እንጂ ቤት ያልገባበት በረት ሆኖ ተገኘ። ዳኛ አሳምኖ ለማስተካከል መንገድ ቢኖርም ገንዘብና ጊዜ ጠየቀ። «ኖተሪ ፈርሞበታል እኮ» ብለን ነበር። አገር ቤት ውልና ማስረጃ የሄደ ሰው ሹሙ ሰነዱን እንደሚመረምር ያምናል። የካሊፎርኒያ ኖተሪ ግን የፈራሚውን ማንነት ያረጋግጣል እንጂ የወረቀቱን ትክክለኛነት አይመሰክርም። እኚያ እናት ይቅር ብለውናል፤ እኛ ግን አልረሳነውም።

ከዚያ በኋላ ደጅ የጠናነው በትክክለኛው በር ነው። በፌርፋክስ ከእኛ በፊት የነበሩት አይሁዶች እ.ኤ.አ. በ1974 «ቤት ጼዴቅ» የሚባል ነጻ የሕግ አገልግሎት አቋቁመው ነበር። ትርጉሙ የፍትሕ ቤት ሲሆን፣ ግዕዝ ለሚያውቅ «ቤተ ጽድቅ» ነው። በተለይ ለድሆችና ለአረጋውያን የቆመ ነው፤ የሚያገለግለውም ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለው የሎስ አንጀለስ የሕግ ቤተ መጻሕፍትም እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ያለ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ጎረቤቶቻችን በሃምሳ ዓመት ውስጥ ያቆሙትን አይተን ተምረናል።

በአገር ቤት ስላለው ንብረት

ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነው። አብዛኞቻችን በኮንሱል ጽሕፈት ቤቱ አማካይነት ለወንድም፣ ለእህት ወይም ለአክስት ልጅ ውክልና ልከናል። ውክልና ግን ከወካዩ ጋር ይሞታል። ወካዩ ባረፈ ማግሥት ያ ወረቀት አያገለግልም፤ ዕለቱን ያልተነገረው ተወካይ ግን ሊሠራበት ይችላል። የአሜሪካ ዜግነት የወሰድንም በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ «ቢጫ ካርድ» የምንለውን፣ አውጥተን በስማችን ንብረት መያዝ እንችላለን። ያን ሳያደርጉ በዘመድ ስም ቤት የሠሩ ወገኖቻችን ልጆች እማኝ ፍለጋ ሲንከራተቱ አይተናል።

ኑዛዜም ጊዜ አለው። በፍትሐ ብሔሩ መሠረት በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ለሰነድ ሹም ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ በአደራ ካልተሰጠ ዋጋ ያጣል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አጥፎ ያስቀመጠ ይህን ያስብ። ለአገር ቤቱ ንብረት በአገር ቤት የሕግ ባለሙያ የተዘጋጀ ለብቻው ኑዛዜ ማድረግ ይበጃል። ሲደረግ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በብዙ ኑዛዜዎች መግቢያ ላይ «ቀድሞ ያደረግሁትን ሁሉ ሽሬያለሁ» የሚል ቃል ይገባል፤ የአዲስ አበባው የሎስ አንጀለሱን፣ የሎስ አንጀለሱ የአዲስ አበባውን እንዳይሽር ለሁለቱም ባለሙያዎች መንገር ያስፈልጋል።

የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆመን ቀረን። መናገር ያልቻለ ሕመምተኛ ምን እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሚወስንለት የሚናገር ወረቀት የነበራቸው ጥቂቶች ነበሩ። ካሊፎርኒያ ለዚህ የተዘጋጀ የጤና መመሪያ ቅጽ አላት፤ በ2 ምስክሮች ወይም በኖተሪ ይጸናል። ወጪ የለበትም ማለት ይቻላል። ያን ዓመት ከምናዝንበት ነገር አንዱ ይህን ቀደም ብለን አለማድረጋችን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የእድር መዋጮ የሚከፍል አባል ሁሉ በዚህ ዓመት አንድ ፖስታ ያዘጋጅ። በውስጡ ኑዛዜው ወይም የአደራ ውሉ፣ የጤና መመሪያው፣ የገንዘብ ውክልናው፣ ልጆቹን የሚረከበው ሰው ስምና የት እንደሚቀበር የሚናገር ወረቀት ይኑሩበት። በባንክ፣ በጡረታና በሕይወት ኢንሹራንስ ላይ «ቤኔፊሸሪ» ተብሎ የተጻፈውንም ስም ይመልከት፤ ከኑዛዜው ይልቅ የሚሠራው እሱ ነውና የተፋታናት ሚስት ስም እዚያ ሊገኝ ይችላል። ማኅበሩ ፖስታውን አይከፍትም፤ ምን እንደተጻፈም አይጠይቅም። የሚመዘግበው ፖስታው መኖሩንና ማን ዘንድ እንደተቀመጠ ብቻ ነው።

ይህ ሟርት አይደለም። አያቶቻችን ነፍስ አባት ጠርተው ሲናዘዙ ሞትን መጥራታቸው አልነበረም፤ በወለዷቸው መካከል ሰላም እንዲሰፍን ብለው ነበር። ያ ወንድማችን አስከሬኑ ከአገሩ አፈር ገብቷል፤ ክብሩን ጠብቀን ሸኝተነዋል። ልጁና ሚስቱ ግን እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ይህን ጽሑፍ ያነበቡ ከሆነ፣ በዚህ በዓል ላይ በአንድ ገበታ ብናያቸው ከአሥር ዓመቱ ሥራችን ሁሉ የበለጠ ደስ እንደሚለን ይወቁልን። ወንበራቸው ተይዟል።

መልካም የአሥረኛ ዓመት በዓል። ዕድሜና ጤና ለሁላችን ይስጠን።

የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል